ባሕር ዳር ለሚመጣው ሰው ቦታ አላት ወይ?

ከደቅ ደሴት የተነሣች ጀልባ ባሕር ዳር ደርሳ ሰዎቿን ስታራግፍ ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው፥ የዚህች ከተማ የቤት ችግር ከወዴት እንደሚጀምር ለመረዳት ብዙ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። አንዱ መንገደኛ ያመጣውን እህል ተሸክሞ ወደ ገበያ ያመራል፤ እርሱ ሸጦ ገዝቶ ተመላሽ ነው። ሌላው ግን ፍራሹን በገመድ ጠቅልሎ በትከሻው የያዘ ተማሪ ነው። እርሱ ተመላሽ አይደለም። እግሩ መሬት እንደ ረገጠ የሚጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ርካሽ ክፍል በየት በኩል ይገኛል?»

መልሱን የባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ያውቁታል። ዘንባባ በተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጥቶ፥ ኮረኮንቹን አልፎ፥ የመብራት ገመድ ከአንድ ቆጣሪ ተነሥቶ ለብዙ ቤት ወደሚዘረጋበት ሠፈር ነው። ቤቱን ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ብሎ ሰይሞታል፤ ሲመሽ ተጀምሮ ሲነጋ ቆሞ ስለሚገኝ ነው። ስሙ ቀልድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሌሊት የተሠራ ቤት በቀን ሊፈርስ ይችላልና ባለቤቱ ገንዘቡን በመሠረቱ ላይ አያፈስበትም፤ መጸዳጃውንም አጥልቆ አይቆፍርም። ተከራዩም በየወሩ የሚከፍለው ነገ ይኑር አይኑር ለማያውቀው ጣራ ነው።

ይህን ሁሉ ድህነት አመጣው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ደንቡም ድርሻ አለው ባይ ነኝ።

እንደሚታወቀው ባሕር ዳር በዘፈቀደ የበቀለች ከተማ አይደለችም። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1955 ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ በ1956 የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ኃይል መጣ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመሩ ጀርመኖች ለከተማይቱ ሰፊ ፕላን ነደፉላት። የአገሪቱ ዋና ከተማ ትሆናለች የሚል ሐሳብም ያን ጊዜ ነበረ። ፕላኑ በዘመኑ እምነት መሠረት ፋብሪካውን ለብቻ፥ ትምህርት ቤቱን ለብቻ፥ መኖሪያውን ለብቻ አደረገ። ዛሬ እንግዳ የሚያደንቃቸውን ጎዳናዎች ያገኘነው ከዚያ አርቆ አሳቢነት ስለ ሆነ ውለታውን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን የፋብሪካ ጭስ ከመኝታ ቤት እንዲርቅ የተዘረጋው ወሰን፥ ዛሬ የልብስ ሰፊውን መኪናና የጸጉር አስተካካዩን ወንበርም ከመኖሪያ ሠፈር ወዲያ ሲያደርግ ነገሩ ከልኩ ያልፋል።

በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለው ደንብ ከሌላው ዓለም ይልቅ ይከብዳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገው ወዲህ፥ ደንብ አውጪውና ባለ መሬቱ አንድ ሆነዋል። የሊዝ አዋጅ በ1986 ወጣ፤ በ1994ና በ2004 ተተካ። የ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት፥ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ 70 ዓመት ብሎ የዘመኑን ልክ እንኳ በአገልግሎቱ ለይቶ ወሰነ። እንግዲህ በመኖሪያ ውል ቦታ የያዘች እናት፥ የአጥሯን አንድ ጎን ከፍታ ስኳርና ሻማ ለመሸጥ ብታስብ የቦታውን አገልግሎት ለመለወጥ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባታል ማለት ነው። ፈቃዱ ቢከለከል አንድ ነገር ነው፤ የሚብሰው መመላለሱ ነው። መሐንዲሱ የለም፤ ፋይሉ አልተገኘም፤ ሰኞ ይምጡ ይባላል። እርሷም ሰኞን ሳትጠብቅ መስኮቷን ትከፍታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንብ ተላላፊ ናት፤ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥርም ትደነግጣለች።

ጃፓኖች ይህን ጉዳይ ቀለል ባለ መንገድ ጨርሰውታል። ዝቅተኛ ቤቶች ብቻ በሚፈቀዱበት፥ እጅግ ጥብቅ በሆነው የመኖሪያ ክልላቸው ውስጥ እንኳ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ትንሽ ሱቅ ሊከፍት ይችላል። የሚጠበቅበት ሱቁ ከ50 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥና የቤቱን ግማሽ እንዳይሞላ ነው። ልኩ በደንቡ ተጽፎ ስለ ተቀመጠ የአንድ ሹም በጎ ፈቃድ አያስፈልግም። ለባሕር ዳር ቀበሌዎች እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ደንብ ለማውጣት የሚያስቸግር ነገር አይታየኝም።

ሁለተኛው ነገር የቦታው ስፋት ነው። ተማሪውና ጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛ በብዛት የሚከራዩት በግቢ ጓሮ የተደረደሩትን ሰርቪስ ክፍሎች ነው፤ እኛ ወጣቶች ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻንም። ታዲያ ከተማውን በእውነት እያሳደረ ያለው ይህ ጓሮ ሆኖ ሳለ ፕላኑ እንደ ጓዳ ይቆጥረዋል። በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ በ1998 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ክፍሏ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገውን ትንሹን የቦታ ልክ ከ465 ካሬ ሜትር ገደማ ወደ 130 ገደማ ዝቅ ስታደርግ፥ አንድ ቤት በነበረበት ግቢ ሁለትና ሦስት ቤት መቆም ጀመረ። እኛም ባለ ይዞታው በጓሮው ሁለተኛ ቤት፥ ከፍ ሲልም አንድ ፎቅ እንዲጨምር በግልጽ ብንፈቅድለት፥ አዲስ መሬት ሳይቆረስ ክፍል ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሰው በበዛ ቁጥር ጣና ይቆሽሻል» ይባላል። እውነት ነው። ሐይቁና አካባቢው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከ2004 ጀምሮ የታየው እንቦጭ ደግሞ ምን ያህል እንደ ተጎዳ ይመሰክራል። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ደንቡ ይላላ የሚል ቢኖር አልተባበረውም። ይልቁንም ሊጠብቅ ይገባዋል። የማይገባኝ ግን ገንዘብ ያለው ሰው በዳርቻው ላይ ሲገነባ ደንቡ ለስለስ ብሎ፥ በከተማው ጫፍ የጭቃ ግድግዳ ሲቆም የሚቆጣ መምሰሉ ነው። የቆሻሻ ውኃውም ነገር ቢሆን፥ ተጠጋግተው ለተሠሩ መቶ ቤቶች ቧንቧ መዘርጋት፥ በየማሳው ለተበተኑ መቶ ቤቶች ከመዘርጋት ይቀልላል። እየተበተንን በሄድን መጠን የየጓሮው ጉድጓድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ወደ ዘንዘልማና ወደ መሸንቲ የሄደ ሰው የሚናገረው ሌላ ታሪክ አለ። ገበሬው ከተማው እየመጣበት መሆኑን ያያል። መሬቱ ለልማት ሲወሰድ ካሣው የሚታሰበው በምርቱና በንብረቱ እንጂ በቦታው የገበያ ዋጋ አይደለም፤ መሬት አይሸጥማ። በሌሊት የሚመጣው ገዢ ግን የተሻለ ዋጋ ይሰጠዋል። በእርሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ራሴን ጠይቄ መልሱን ለመጻፍ አፍራለሁ።

የጀርመኖችን ፕላን ከተቀበልን አይቀር አንድ ሌላ ነገራቸውንም ብንቀበል መልካም ነበር። የፍራንክፈርት ከንቲባ የነበረው አዲከስ በ1902 እ.ኤ.አ. ባስወጣው ሕግ፥ ባለ መሬቶች ማሳቸውን በአንድነት ያቀርባሉ፤ ከተማው መንገዱንና አደባባዩን ይቀይሳል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ጠበብ ያለ፥ ነገር ግን መንገድ የደረሰለት ቦታ ይመለስለታል። በእኛ አገር መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም የገበሬው የይዞታ መብት ለዚህ ሥራ ይበቃል። ገበሬው ከከተማው ጋር ተሸራክቶ የከተማ ነዋሪ ቢሆን፥ ለጨረቃ ገዢ የሚሸጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩል ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ማዶውን ከከተማው ጋር አቀራርቦታል። በመሐል ከተማ የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ፥ የእግረኛው መንገድ ሲነጠፍና መብራቱ ሲተከል ብዙ ሰው ደስ ብሎት ያያል፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን በማዶው የሚያስፈልገው ገና ጌጥ አይደለም። ቀያሽ፥ ካስማና ገመድ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት መሥመር ቤት ሳይሠራበት ከተለየ፥ ቤቱ ጭቃም ቢሆን ነገ ይሻሻላል። ቤቱ ቀድሞ መሥመሩ ከተከተለ ግን ማፍረስ ይመጣል፤ ከማፍረስም ጋር ካሣ፥ ክርክርና ለቅሶ።

ፍራሹን የተሸከመው ተማሪ እስከዚያ ድረስ ባጃጅ ተሳፍሮ ድልድዩን ይሻገራል። ማዶ ላይ ክፍል እንዳለ ነግረውታል፤ ቆጣሪ ግን ገና አልገባለትም።