ከ«ፎርማት» በፊት መልእክቱ ይነበብ

አንድ ፕሮግራም አልጫን ባለ ቁጥር ከሐኪም ጋራ ግርጌ እስከ ጁገል በሮች፣ ከሐረርም አልፎ በሌሎች ከተሞቻችን የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፍርዱን ባለሙያውም ባለ ኮምፒውተሩም ስለለመዱት ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ግን ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ ያቆመበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ ራሱ ስክሪኑ ላይ ጽፎታል፣ እኛም «ኦኬ» የሚለውን ተጭነን እናልፈዋለን። ፎርማት የመጨረሻ እርምጃ መሆን ሲገባው የመጀመሪያ ሆኖ የቆየው መልእክቱን ማንበብ እንደ ሥራ ስለማይቆጠር ነው።

ፕሮግራም የማይጫንባቸው የተለመዱ ምክንያቶች እንደሚፈራው ብዙ አይደሉም። ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሄድም። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሳይሟላ ይቀርና መሀል ላይ ይቆማል። ሲ ድራይቭ ሲሞላም እንዲሁ ነው። «ሌላ ጭነት በመካሄድ ላይ ነው» የሚለው መልእክት የሚመጣው የዊንዶውስ መጫኛ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚያስተናግድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃዋል። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ዶት ኔት 3.5 የሚባለውን ተጨማሪ የዊንዶውስ ክፍል ይጠይቃሉ፤ ዊንዶውስ 10 ይህን ከኢንተርኔት ለማውረድ ይሞክርና ዳታ ከሌለ ይከሽፋል፣ ፋይሉ ግን እዚያው የዊንዶውሱ መጫኛ ፍላሽ ውስጥ ይገኛል። ፎርማት አድርጎ ያንኑ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የመለሰ፣ ያንኑ የጎደለ ፋይል ዳግም የከፈተ ሰው እዚያው ችግር ላይ ተመልሶ ይቆማል።

ከሁሉ የሚያሳስተው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኢንተርኔት እየወረደ የሚጫን ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር የሚተማመነው በዲጂታል ማረጋገጫ ነው፤ ማረጋገጫው ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑን በእጁ ላስተካክል ብሎ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰውም ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ማረጋገጫው «ገና አልጀመረም» ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ለዚህ ችግር መድኃኒቱ አዲስ ባትሪና ትክክለኛ ቀን እንጂ አዲስ ዊንዶውስ አይደለም።

ፎርማት ዋጋ ባያስከፍል ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ነው፤ ሁለቱም በተለምዶ ያሉት በሚጠፋው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ባለበት በሐረር፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ አልጫን ብሎት ላፕቶፑን ለጥገና የሰጠ ተመራቂ የመጠይቅ መረጃውን አብሮ ሊያጣ ይችላል። የአማርኛ ጽሑፍም ሌላ ሰለባ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት የአማርኛ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከፎርማት በኋላ ካልተመለሰ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይከፈታል፤ ደህናው ፋይልም ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል።

መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለብዙው ሰው አይገባም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚወጣው የስሕተት ቁጥር ቋንቋ አይመርጥም። በሞባይል ፎቶ አንስቶ ለባለሙያ ማሳየት ለማንም አይከብድም። ባለሙያዎች በበኩላቸው ደንበኛው የሚከፍለው ለተጫነ ዊንዶውስ ነው፣ ችግሩን ፈልጎ ለማግኘት ለጠፋ ጊዜ ማንም አይከፍልም ይላሉ። ይህ ቅሬታ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ለምርመራው ለብቻው ዋጋ ማውጣት ነው። ባትሪ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ለምርመራና ለባትሪ ከፍሎ ፋይሎቹ ሳይነኩ ቢሄድ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ሕጋዊ ፕሮግራም በዶላር ይሸጣል፣ የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ርቋል፤ ስለዚህ ክራክ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) እንጠቀማለን፣ ክራክ ሲበላሽ ፎርማት እናደርጋለን ይባላል። ችግሩን አልክድም። ነገር ግን ብዙ ክራኮች በቅድሚያ የሚያዙት አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ዘበኛውን አስወጥቶ በር መክፈት ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ይጠብቃል። ለጽሕፈት ሊብሬ ኦፊስ፣ የኤስፒኤስኤስ ፋይል ለመክፈትና የተለመዱ ስሌቶችን ለመሥራት ፒኤስፒፒ በነጻ ይገኛሉ። ሁሉን ነገር ባይተኩም የብዙ ተማሪና የብዙ ቢሮ ሥራ ከእነሱ አቅም አያልፍም።

ፎርማት ፈጽሞ አይደረግ አልልም። ቫይረስ ሥር የሰደደበት ወይም የዊንዶውሱ ፋይሎች ክፉኛ የተጎዱበት ኮምፒውተር ፋይሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጡ በኋላ ከሥሩ መጽዳቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው ማን፣ በምን ማስረጃ ይወስን የሚለው ነው። የጥገና ቤቶች በደረሰኙ ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ ኮምፒውተሩ ያወጣው መልእክትና የተገኘው ምክንያት። ደንበኛውም እነዚህ ሁለት መስመሮች ሳይሞሉ ለፎርማት እሺ አይበል።