ዝንጅብሉን ያጠፋው አለማወቅ ነው ወይ? ለአንድ የተለመደ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

የቅመማ ቅመም አምራቾች የአየር ንብረት ለውጥን ወደሚቋቋም ዘላቂ አመራረት እንዲሸጋገሩ ምን ይደረግ ሲባል፣ በጥናት ወረቀቱም በዐውደ ጥናቱም ቀድሞ የሚመጣው መልስ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። አርሶ አደሩ ስለ ጥላ ዛፍ፣ ሰብል ስለማፈራረቅና ስለ ንጹሕ ዘር ከተነገረው አሠራሩን ያስተካክላል፤ እስካሁን ያላስተካከለው ስላልተነገረው ነው ይባላል። አስተያየቱ ያለ ማስረጃ የተነሣ አይደለም። የግብርና ባለሙያ አዘውትሮ የሚጎበኛቸው አባወራዎች አዲስ አሠራር ቀድመው ሲቀበሉ በተደጋጋሚ ታይቷል። ግን ባለሙያው አዘውትሮ የሚጎበኘው ማንን ነው? ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ሰፋ ያለ፣ ሙከራው ቢከሽፍበትም ጦሙን የማያድር ሰው ነው። አሠራሩን የተቀበለው ስለተማረ ይሁን ስለቻለ በዚያ ዓይነት ጥናት መለየት አይቻልም።

ዝንጅብልን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በደቡቡ የአገራችን ክፍል የዝንጅብል ማሳዎችን ጠራርጎ ወሰደ። በወላይታና በከምባታ ጠምባሮ ብዙ ቤተሰብ ልጅ የሚያስተምረውም ዕዳ የሚከፍለውም በዝንጅብል ነበር። ቦዚአብና ያሊ የተባሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች በእጃችን ነበሩ፤ አላዳኑንም። ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለው ይህ ባክቴሪያ በአፈር፣ በጎርፍና አፈር በነካ ዶማ ይዛመታል፤ ከሁሉ የከፋው መንገዱ ግን ዘሩ ራሱ ነው። ዝንጅብል የሚተከለው ከአፈር ሥር ያፈራው አካሉ ተቆራርጦ ስለሆነ፣ በሽታው የገባበት ነገር ግን ምልክት ገና ያልታየበት ቁራጭ ከጤነኛው በዓይን አይለይም። ለአንድ ሄክታር ደግሞ 20 ኩንታል ገደማ ዘር ያስፈልጋል። «ንጹሕ ዘር ትከል» የተባለ ገበሬ ያን ያህል ንጹሕ ዘር ከየት ያምጣ? በቲሹ ካልቸር የተባዛ ችግኝ አንድ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ወቅት የሚሰጠው ምርት ደቃቅ ስለሆነ ገበሬው እጅ ከመድረሱ በፊት ተጨማሪ ወቅት መባዛት አለበት። የዚያን ጊዜና ወጪ የሚሸከም አካል ከሌለ፣ ሥልጠናው ሰውየውን የሚያስተምረው ሊያገኘው ስለማይችለው ነገር ነው።

ሰብል የማፈራረቁ ምክርም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ማሳውን በበቆሎና በመሰሉ ሰብሎች ማቆየት ትክክል ነው፤ ስሕተት የለበትም። ግማሽ ሄክታር ለማይሞላ መሬት ግን ምክሩ የቤቱን ጥሬ ገንዘብ ለዓመታት ዝጋ ማለት ነው።

ኮረሪማ ክርክሩን በሌላ በኩል ያፈርሰዋል። በካፋና በሸካ ኮረሪማ ከደን ጥላ ሥር የሚበቅል አገር በቀል ቅመም ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. ካፋን በ2010፣ ሸካን በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧቸዋል። እዚያ ያለ አምራች «ዘላቂ» ወደተባለው አሠራር ከየት ተነሥቶ እንደሚሸጋገር አይገባኝም (ጥላው ሲነሣ ተክሉ ምን እንደሚሆን ከአሠልጣኙ በፊት ያየው እሱ ነው)። የኮረሪማ ችግር ያለው ፍሬው ቀልቶ ሳይበስል መለቀሙ ላይ ነው። እስኪበስል የታገሠ ሰው ከዝንጀሮና ከሌባ ጋር ይፋጠጣል፤ ይህን አልፎ ገበያ ሲደርስ ደግሞ ነጋዴው ጥሬውንም የበሰለውንም በአንድ ዋጋ ይመዝንለታል። ከሥሩ ያለው ቅመም ካልከፈለ፣ ዛፉ ለጣውላ፣ መሬቱ ለሌላ ሰብል መፈለጉ አይቀርም።

ሥልጠና ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በርበሬን አፈር ሳያስነኩ ማድረቅ ሻጋታንና አፍላቶክሲንን ይቀንሳል፤ ለማያውቅ መንገር ይጠቅማል። ነገር ግን በኪሎ ብቻ በሚገዛ ገበያ በደንብ የደረቀ በርበሬ ማለት የቀለለ በርበሬ ማለት ነው። ምክሩን የሰማው ሰው ሚዛን ላይ ይቀጣል።

የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ይህን ያቃናዋል የሚሉም አሉ። ባሕር ማዶ ለሚሻገረው ምናልባት። አብዛኛው ቅመማችን ግን የሚያልቀው እዚሁ፣ በየቤቱ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ነው፤ መርካቶ ላይ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሸማች ያየ ካለ ይንገረኝ።

ስለዚህ የምከራከረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የቴፒውን የግብርና ምርምር ማዕከል የመሰሉ ተቋማት የሚያወጡት ንጹሕ መነሻ ዘር፣ በየወረዳው አባዝቶና መርምሮ የሚያሠራጭ ሰንሰለት በቅድሚያ ያግኝ። የበሰለ ኮረሪማና የደረቀ በርበሬ በደረጃ ተለይተው ይከፈልባቸው። ዝንጅብል አቁሞ ማሳውን የሚያሳርፍ ገበሬም ኪሳራውን ብቻውን አይሸከም። የጥናት ባልደረቦቼ ደግሞ በመጠይቃቸው ላይ «ሥልጠና ወስደዋል?» ከሚለው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ያስገቡ፦ ዘሩን ከየት አመጡት? ማሳው ባረፈባቸው ዓመታት በምን ኖሩ? የበሰለውን ከጥሬው ለይቶ የገዛዎት ነበር? መልሶቹ ሲሰበሰቡ፣ የሥልጠናው ድርሻ የቱን ያህል እንደሆነ በቁጥር ልንከራከር እንችላለን።