ሰኞን ተዉት፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል

ሰኞ የሚባል ቀን የስንቱን መሐላ ተሸክሟል! "ከሰኞ ጀምሮ በቀን ሁለት ሰዓት" እያልኩ ክራሬን ያቀፍኩበትን ጊዜ መቁጠር ትቻለሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ጣቴ ውሃ ይቋጥራል። ሐሙስ ክራሩ ወደ ግድግዳው ይመለስና የሳሎን ጌጥ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ "ትጫወቻለሽ እንዴ?" ይለኛል። "እየተማርኩ ነው" እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተማርኩ!

የወዳጆቼ ምክር አንድ ነው፦ "ዲሲፕሊን የለሽም፣ ጨከን በይ"። ቀጥሎ "የ10 ሺህ ሰዓት ሕግ" ይመጣል። ይህችን "ሕግ" ያስፋፋት ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። መነሻዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ቁጥሩ እዚያ የጎበዞቹ አማካይ ነበር እንጂ የመግቢያ ዋጋ አልነበረም። እነዚያ ጎበዞች ደግሞ ልምምዳቸውን ከፋፍለው፣ በመሐል አርፈው፣ ቀን ላይ ሸለብ አድርገው ነበር የሚሠሩት። ሰዓቱን ሁሉም ይሰብከናል፤ ስለ እንቅልፉ የነገረን አለ?

እኔ የምለው፣ ብቻውን ለሚለማመድ ሰው ትልቅ ዕቅድ ጠላት ነው። የሚጠብቃችሁ አስተማሪ የለም። አንድ ቀን ስትቀሩ የሁለት ሰዓት ዕዳ አለባችሁ፣ ሦስት ቀን ስትቀሩ የስድስት። ከዕዳ ደግሞ ሰው ይሸሻል።

ለሴት ልጅ ሌላም ጣጣ አለ። እኛ ቤት ክራር ይዤ ከተቀመጥኩ ትርጉሙ "ሥራ ፈትታለች" ነው። "እስቲ ሽንኩርቱን ክተፊ!" ወንድሜ ኳስ ሲያይ ግን ዘጠና ደቂቃው የተከበረ ነው። ሁለት ሰዓት ተሟግቼ ማስከበር አልቻልኩም። ሩብ ሰዓት ግን እችላለሁ።

ስለዚህ ክራሩን ከግድግዳው አውርጄ አልጋዬ አጠገብ አደረግሁት። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመዞር ክሮቹን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል፤ እንደኔ ያለ ጀማሪ ሲቃኝ ሩብ ሰዓቱ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ለጊዜው ከትዝታ አልወጣም፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል ይቆዩኝ። የሚያስቸግረኝን አንድ ቦታ ብቻ ቀስ ብዬ እደጋግማለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ገና ደስ እያለኝም ቢሆን፣ አቆማለሁ።

ሰባት ሳምንት ሆነኝ። አራት ቀን ቀርቻለሁ፣ አንዱንም አላካካስኩም። ትናንት እናቴ ከጓዳ ሆና "እስቲ ያችኛዋን ድገሚያት" አለችኝ። ሽንኩርቱ ግን አሁንም እኔን ነው የሚጠብቀው፤ ለእሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገኛል።