ካርታው ብቻውን አያራምድም

የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሳሎን ውስጥ ደህና ሲራመድ ቆይቶ በሩ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቆማል። እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ደረቱ ግን ወደፊት ይሄዳል። የሚወድቀውም ያኔ ነው። ሕመሙን የምናውቀው በእጅ መንቀጥቀጥ ቢሆንም አስታማሚን የበለጠ የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ ይሄ መቆም ነው። የሚገርመው፣ ወለሉ ላይ አግድም ፕላስተር ቢለጠፍለት ያው ሰው መስመሩን ለመሻገር እግሩን አንስቶ ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ ያለው ከጉልበቱ ሳይሆን ከአንጎሉ ነው ማለት ነው።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት አንጎል ውስጥ የጎደለውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ቢተካም እንዲህ ላለው መቆም ሁልጊዜ አይበቃም። ተመራማሪዎች አንጎልን በማግኔት ወደ ማነቃቃት የዞሩት ለዚህ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ ሼፊልድ የጀመሩት ነው። አሜሪካም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድብርት ሕክምና ፈቅዳዋለች። ቀዶ ጥገና የለውም። ራስ ላይ የተያዘው የሽቦ ጥቅል ጠቅ ሲል አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ የታካሚው አውራ ጣት ሳያዝዘው ዘለል ይላል። የሚሰጠው መጠንም በዚያችው ጣት ይለካል።

አሁን ብዙ የሚወራለት ሕክምናውን ለየሰው በልኩ ማዘጋጀት ነው። የሁለት ሰው አንጎል እጥፋት አንድ ስላልሆነ የእያንዳንዱን ካርታ በኤምአርአይ አንስቶ እርምጃን የሚያቀናጀውን ቦታ መፈለግ ያስኬዳል። እኔም እደግፈዋለሁ። የማልቀበለው ካርታው ስለተነሳ ብቻ ፈውሱም የተገኘ ተደርጎ ሲወራ ነው።

በዚህ ሕመም ተስፋ ራሱ ይሠራል፤ ለማጽናናት ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የካናዳ ጥናት፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉ ታካሚዎች አንጎል ዶፓሚን ሲለቅ በምስል አሳይቷል። እንግዲህ ጠቅ ጠቅ ከሚል ውድ ማሽን ሥር የተነሳ ሰው ቀለል ብሎት ቢራመድ ምን ይገርማል? ድምፁ ያው ሆኖ ማግኔቱ አንጎል በማይደርስ ማስመሰያ ከታከሙት ጋር ካልተነጻጸረ፣ ከሳምንታት በኋላም ካልተለካ፣ አንድ የእርምጃ ቪዲዮ አያሳምነኝም። እስካሁን የታዩት ውጤቶችም ወጥ አይደሉም።

እናቱን ውጭ አገር ለማሳከም ገንዘብ የሚያሰባስብ ቤተሰብ ክሊኒኩን ሕክምናው ከማስመሰያ ጋር መነጻጸሩንና ከሳምንታት በኋላ መለካቱን ይጠይቅ። ጭንቅላቷ ውስጥ ብረት ወይም የተተከለ መሣሪያ፣ የሚጥል በሽታም ካለባት አስቀድሞ ይናገር፤ ይህን ሳይጠይቅ ቀጠሮ የሚሰጥ ክሊኒክ ካጋጠመው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።