«ያለ እህል» ማለት ችጋር አይደለም

ዕረፍት ደርሶ እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ወደየቤታችን ስንበተን፣ ዘመድም ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ሊጠይቀን ይመጣል። ከዘመዶቻችን መካከል ስንዴና ገብስ የማይስማማቸው አሉ። ሕመሙ የታወቀ ነው፤ ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ የስንዴን ጥፋት እ.ኤ.አ. በ1950 በዶክትሬት ጽሑፉ አስረድቷል። ጤፍ ከዚህ ጥፋት ነጻ ነው፤ ሆኖም ከእህል ሁሉ የሚጠነቀቁም አሉ።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ድፎውን ቆርሰን «በሞቴ!» እንላለን። እንግዳው አፍሮ ይበላል፤ ሌሊቱን ሲታመም ያድራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይቀራል።

እናቶቻችንን መውቀስ አይገባም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ችጋር ባየ አገር «ያለ እህል» የሚለው ቃል ባዶ ጎተራን ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ማዕድ ለእንግዳ ማቅረብ ውርደት መስሎ ቢታያቸው አይፈረድባቸውም። ማስረዳት የእኛ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው፤ እርሱም በንግግር ሳይሆን በሥራ።

ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ብርጭቆ የተቆላ ለውዝ ወቅጦ፣ ከሦስት እንቁላልና ከግማሽ ብርጭቆ ማር ጋር መትቶ፣ ቅቤ በተቀባ ድስት ከላይም ከታችም በለዘበ ፍም ማብሰል ነው። ሙቀጫውና ወንፊቱ የስንዴ ብናኝ እንዳይኖርበት አስቀድሞ ይታጠብ።

አምባሰል በማሩ የተዘፈነለት አገር ነው። በማር የጣፈጠ ማዕድ ያቀረበን ቤት ማን ደኸየ ይለዋል? እንግዳ የሚከበረው የበላው ሲስማማው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ስንሄድ ለውዙን ከደሴ ገዝተን እንግባ።