ርብ የሚጎትተውና የሚጥለው

ከይፋግ ወደ ወረታ ሲኬድ ርብ ድልድይ ላይ በየካቲት ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ከወንዙ ይልቅ አሸዋው ይታየዋል። ወጣቶች በአካፋ ይዝቃሉ፣ ሲኖትራክ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። የቆፈሩትን ጉድጓድ ክረምቱ ይሞላዋል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ይዛቃል። አሸዋው ከጉና ተራራ የወረደ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ ብዙ የተወራው ስለ ውሃው ብዛት ነበር። ዛሬም ወሬው አልተለወጠም፤ መፍትሔውም እንደዚያው፦ ዳርቻውን በአፈር መከተር፣ ክትሩ ሲጣስ ከፍ ማድረግ። ለእኔ ግን ርብን ከመስመሩ የሚያወጣው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም። የተሸከመውን አሸዋ የሚጎትትበት ጉልበት ፎገራ ሜዳ ላይ ያልቅበታል።

ውሃ ሲወርድ ወለሉን እየፋቀ ይጎትታል። መሐንዲሶች ይህን ሺር ስትረስ ይሉታል፤ ጥልቀቱን በቁልቁለቱና በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት ማባዛት ነው። ለምሳሌ ተራራው ላይ አንድ ሜትር የጠለቀ ጎርፍ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ቢወርድ፣ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ወለል 10 ኪሎ በሚመዝን ኃይል ይጎትታል። ሜዳው ላይ ሁለት ሜትር ጠልቆ በየ2,000 ሜትሩ አንድ ሜትር ቢወርድ ግን 1 ኪሎ ብቻ። ጥልቀቱ እጥፍ ሆኖ ጉልበቱ አንድ አሥረኛ! አሜሪካዊው አልበርት ሺልድስ እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ላይ ባቀረበው ጥናት ድንጋይ ከቦታው ለመነሳት ስንት ጉልበት እንደሚፈልግ አሳይቷል። በእሱ መንገድ ሲሰላ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ ተራራው ያንከባለለው ድንጋይ ሜዳው ጋ ሲደርስ ይቀመጣል። አሸዋው መጓዙን ይቀጥላል፤ እሱም ቢሆን እየተንጠባጠበ። ጉልበቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚጓዘው አሸዋ ወደ ሲሶ ይወርዳልና።

ከፊት ደግሞ ጣና አለ። ሐይቁ ሲሞላ የወንዙ ጫፍ ላይ ቁልቁለት የሚባል ነገር ይጠፋል። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ መቆጣጠር ስለጀመረ፣ እዚያ የሚወሰነው የርብን አፍ ይነካል።

ክትር የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም፦ ውሃው በጠባብ ከታፈነ ይጠልቃል፣ ሲጠልቅ ወለሉን ይጠርጋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ቁልቁለት ባለበት። ርብ ጫፍ ላይ ግን ድሮ በሙላት ጊዜ ሜዳው ላይ ተበትኖ ሩዝና ሣር ያበቅል የነበረውን ደለል በክትሮቹ መካከል አስቀርተን ወለሉን ከፍ እናደርገዋለን። ያኔ ወንዙ ከማሳው በላይ ይሄዳል፤ ክትሩ የተጣሰ ዕለት ውሃው ወደ ወንዙ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

የርብ ግድብስ? ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ ከላይ የሚመጣውን ደለል ያስቀራል። ሙላቱንም ይቆርጣል፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከግድቡ በታች ቀድሞ የተከማቸውን፣ ገባሮቹም የሚጨምሩትን አሸዋ ጠርጎ የሚወስደው ያ ሙላት ነበር። ግድቡ ሥር ወለሉ ሊቦረቦር፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ሊቆለል ይችላል፤ በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ክረምት።

ይህን በኮምፒውተር ማስመሰል ይቻላል። ኤችኢሲ ራስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ደለልም ያሰላል። የምጠራጠረው የሚመገበውን ነው። የወለሉ አሸዋ የቅንጣት መጠን ከመጽሐፍ ተገልብጦ ከገባ፣ የሚወጣው ቀይና ሰማያዊ ካርታ ያምራል እንጂ የርብ አይደለም። የዳርቻው አፈር ደግሞ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ የሰኔ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ዳርቻውን በጓል በጓሉ ይገምሰዋል። ይህን የሺልድስ ስሌት አያውቀውም፤ እሱ የሚያውቀው ተነጣጥሎ የሚንከባለል አሸዋና ጠጠር ነው። ዳር ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ግን የውሃ ሞተሩን ከዳርቻው ስንት እርምጃ እንደሚያርቅ በደንብ ያውቃል።

ስለዚህ ሌላ ክትር ከመታዘዙ በፊት በጥር፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ጊዜ፣ ከድልድዩ እስከ ጣና በእግር ይኬድ። በየኪሎ ሜትሩ አንድ ከረጢት የወለል አሸዋ ይዛቅ፣ በወንፊት ይነፋ፣ ዳርቻውም በሜትር ይለካ። አካፋውን ከአሸዋ ዛቂዎቹ መዋስ ይቻላል፤ የትኛው ጉድጓድ ቶሎ እንደሚሞላም እነሱ ይነግሩናል።