«ሴተኛ አዳሪም ትደፈራለች እንዴ?»

ከዓመታት በፊት በክፍል ውስጥ ስለ አስገድዶ መድፈር ስንወያይ አንድ ተማሪ «ሴተኛ አዳሪም ትደፈራለች እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ፈገግ ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍሁ። ያ ፈገግታ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ መልሱን አውቀው ነበርና።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ ደፋሪን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ሲቀጣ፣ የተደፈረችው ሴት በምን እንደምትተዳደር አይጠይቅም። አንቀጽ 634ም የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን እንጂ ገላዋን የምትሸጠውን ሴት አይደለም። እንግዲህ ሕጉ ያልነፈጋትን ከለላ የነፈግናት እኛ ነን። ደብዳቢዋም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጣቢያ ብትሄድ «በዚያ ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?» መባልን እንደምትፈራ ያውቃልና ደፍሯት ሲያበቃ ተረጋግቶ ይሄዳል።

ጉዳዩ የፍትሕ ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። ለዓመታት «በኮንዶም ተጠቀሚ» ስንላት ኖረናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉሮሮዋን የታነቀች ሴት በምን አቅሟ ትደራደራለች? «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት እንዳሰላው፣ በኬንያ በሴተኛ አዳሪዎች ላይ የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት ማስቆም ብቻውን በእነርሱና በደንበኞቻቸው ላይ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሚደርሰው አዲስ የኤች አይ ቪ ኢንፌክሽን 17 በመቶ ያህሉን ሊያስቀር ይችላል።

ከጥቃቱ በኋላም ጊዜ አይጠብቅም። ቫይረሱ እንዳይዛት የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። ዓርብ ሌሊት የተደፈረች ሴት ዘለፋ ፈርታ እስከ ማክሰኞ ማታ ቤቷ ከቆየች ጊዜው አልፎባታል። እኛ «ነውር» የምንለው ዝምታ ለእርሷ የዕድሜ ልክ ሕመም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ሥራውን አትተወውም?» የሚሉ አይጠፉም። መተው የምትሻ መውጫ ትሻለች፤ መውጫው እስኪገኝ ግን በሕይወትና በጤና መቆየት አለባት። ለዚህም ፖሊስ አቤቱታዋን እንደማንኛዋም ዜጋ አቤቱታ ይቀበል፤ ሐኪም ቤትም የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ከማለቱ በፊት መድኃኒቱን ይስጣት። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ያ ተማሪ ዛሬ ዳኛ ወይም መርማሪ ሆኖ ይሆናል። ያን ዕለት ያልሰጠሁትን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ልስጠው፦ አዎን፣ ትደፈራለች።